ለአንበሳው ጅራት አይቸኮልም

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ልጆች ትዕግስት ማጣት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ትዕግስት ግን አብሮ የሚወለድ አይመስለኝም። እኔም አልነበረኝም። ጭቃ ነው ያስተማረኝ።

እማዬ ወለቃ በምትባል መንደር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጣ አውራ ጣት የምታህል አንበሳ፣ ወፍ፣ ኦሪት የታቀፈ ቄስ ትሠራለች። ቱሪስት ሲቆም ትሸጣለች። እኔ ቶሎ ጨርሼ ለመሸጥ ስጣደፍ ጭቃውን ከእጄ ትቀበልና መልሳ ውሃ ውስጥ ትከተዋለች። አትቆጣም። ያልተተኮሰ ጭቃ ተመልሶ ይለወሳል፤ የሚባክን ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ስመጣ 19 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ሥራ፣ ልጆች፣ ኑሮ። ወደ ጭቃው የተመለስኩት የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ከአንበሳው ዓይን ጀመረች። ልጆች እንዲያ ናቸው። ገላው ሳይቆም ዓይኑ ከተሠራ፣ ደረቱን ሲጫኑት ይጠፋል። አሁን ደንባችን ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ገላ፣ ቀጥሎ እግር፣ ፊት በመጨረሻ። እጅ መቸኮል ሲጀምር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ፌስታል ውስጥ ከተን እንተወዋለን። ያንኑ አንበሳ አሥር ጊዜ ሠራችው። አሥሩም መስኮት ላይ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ድመት ይመስላል። ሰባተኛው ላይ ትከሻው መጣ። «ሳቭታ፣ እዪው!» ያለችኝ እሷ ናት፤ ሳቭታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው።

ጅራት ከሁሉም ይከብዳል። ቀጭን ስለሆነ ከገላው ቀድሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጭ ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን በስቴኪኒ ጫር ጫር አድርገን፣ ቀጠን ያለ ጭቃ ቀብተን እናጣብቃለን። ገላው እስኪደርስበት ጅራቱን እርጥብ ጥጥ እናለብሰዋለን።

አምና አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለሲግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓላችን፣ እንዲደርስ ብዬ ሆዱ ያልደረቀ አንበሳ የሰፈራችን የእጅ ሥራ ክፍል ምድጃ ውስጥ አስገባሁ። ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ አፈነዳው። አጠገቡ የነበረችውን የሌላ ልጅ ወፍም ሰባበራት። ልጅቷን ይቅርታ ስጠይቅ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ከጣት የወፈረውን ሁሉ ውስጡን እንቦረቡራለን። ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ይቆያል። ጉንጫችን ላይ ስናስጠጋው ቀዝቀዝ ካለን ገና ነው፤ ወደ ጥላው ይመለሳል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ጭቃ ይዞ ሲቀመጥ «አልጨረስክም?» አትበሉት፣ እባካችሁ። አዘጋጁም የልጆች ሥራ ስታወጡ ያማረውን ብቻ አታውጡ። አንደኛውንና አሥረኛውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሳዩን። የኛን ፎቶ እልክላችኋለሁ። አሥራ አንደኛው በረንዳ ላይ ነው፤ ከጅራቱ ጥጡን ገና አላነሳንም።

አክባሪያችሁ
የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ ከቤርሼቫ