ስለ ዲሽ ፎልክ ሜዳ ጥናትህ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ሽሮና በርበሬ አሰናድታለች፤ ወደ ኦስቲን የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልክልሃለን።

ስለ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲያችሁ ቤዝቦል ሜዳ፣ ስለ ዲሽ ፎልክ እድሳት የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የውሃ ማስወገጃውን ያብራራህበት ክፍል አኩርቶኛል። ታሪኩን ይህ ሜዳ ከተከፈተበት ከ1975 መጀመርህ ግን ቅር አሰኘኝ። እዚያ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ሽማግሌ ተሳፋሪዎች ስለ ቤዝቦል ሲያነሡ ወሬያቸው የሚጀምረው ከእርሱ በፊት ከነበረው ሜዳ፣ ከክላርክ ፊልድ ነበር።

ክላርክ ፊልድ ከ1928 እስከ 1974 አገልግሏል (ዓመቶቹን እንዳንተው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እዚያው መጫወቻው ውስጥ፣ ከመሃል ወደ ኋላ፣ የኖራ ድንጋይ ገደል ቆሞ ነበር። ቢሊ ጎት ሂል ይሉታል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው የፍየል መንገድ ብቻ ነው። ኳስ ገደሉ አናት ላይ ቢያርፍም ጨዋታው አይቆምም። የቴክሳስ ልጆች መንገዱን ስለሚያውቁት ሮጠው ይወጡና ኳሱን ከላይ ይወረውሩታል። እንግዳው ቡድን ከሥር አንጋጦ ሲፈልግ መቺው ዙሩን ጨርሶ ይገባል። ቢብ ፎልክ በ1949 እና በ1950 በተከታታይ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆኑትን ቡድኖች ያሠለጠነው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ፈርሶ የኪነ ጥበብ ማዕከል መሠራቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አዲሱ ሜዳ በፎልክና ከእርሱ በፊት ለረጅም ዘመን ባሠለጠነው በቢሊ ዲሽ ስም ተሰይሞ በ1975 ተከፈተ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሣ። አንድ ነገር አርም፦ በእድሳቱ የተነሣው የተፈጥሮ ሣር አይደለም። ሜዳው ሲከፈትም አስትሮተርፍ የሚባል ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ነበር፤ የተተካው እርሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ስለ መሬቱ እንድትጽፍ ነው። ሜዳው ያለው ከአውራ ጎዳና 35 በስተምሥራቅ ነው። ከተማዋ በ1928 ባወጣችው ፕላን ጥቁሮችን ወደዚያ ወገን ገፋቻቸው። ኋላ ዩኒቨርሲቲው ወደ ምሥራቅ ሲስፋፋ ደግሞ ብዙዎቹ እንደገና ከቤታቸው ተነሡ። የልማት ተነሺ መሆን ምን እንደሆነ በአያትህ አይቻለሁ። ካሳዋን ተቀብላ ከተማ ዳር ከወጣች በኋላ ዕድሯ ተበተነ፤ አብራቸው ያረጀቻቸውን ጎረቤቶቿን እንኳ መሞታቸውን የምትሰማው ከተቀበሩ በኋላ ነበር።

ስለዚህ የድሮ የከተማ ካርታ ከቤተ መጻሕፍት ፈልግና የነበሩትን መንገዶችና ቤቶች ከንድፍህ ጎን አስቀምጥ። የብላክላንድ ሰፈር ሽማግሌዎችንም ሄደህ አነጋግር፤ በ1980ዎቹ ዩኒቨርሲቲውን ተከራክረው ከሰፈራቸው ከፊሉን ያተረፉ ሰዎች ናቸው። ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ቶሎም አትነሣ፤ አስጨርሳቸው። ለመምህርህ ከማስረከብህ በፊት ለእኔም ላክልኝ።

አባትህ