ልጄን ለሁለት አትክፈሉብኝ፦ ለከተማችን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው አቤቱታዎች ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለተዘጉብኝ ነው። ጉዳዬ የተመራለት ባለሙያ በቃል የነገረኝ፣ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብዬ ስጠይቅም የከለከለኝ መልስ «ልጁ ጎበዝ ከሆነ ችግር የለበትም፣ እንደ እኩዮቹ ይማር፤ ችግር ካለበት ደግሞ ልዩ ክፍል ይግባ» የሚል ነበር። ልጄ ጎበዝም ነው፣ ኦቲዝምም አለበት። ሁለቱም የእርሱ የሆኑ የ15 ዓመት ልጅ በቢሮዎ አሠራር ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። አቤቱታዬ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉም ከዚሁ የሚነሳ ነው።

ሕጉን እንደሚያውቁት አውቃለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዝርዝር ዓላማዎቹ መካከል አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደየችሎታቸውና እንደየፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግ የሚል ነበረው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው አንድ ዓላማ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለል፣ የሚያስፈልገው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት፣ ተሰጥኦውና የፈጠራ ችሎታውም እስከ መጨረሻው ደረጃ እንዲያድግ ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 እንዲህ ያሉ የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 36 ደግሞ ልጆችን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። እነዚህን ድንጋጌዎች በአቤቱታዎቼ ላይ በየቁጥራቸው ጠቅሻቸዋለሁ። ጠቅሰሽ ተሳስተሻል ያለኝ ሰው የለም። በእነርሱ የሠራም የለም።

ጉዳዩን ያነሳሳው ነገር የሆነው በሰልፍ ላይ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መዝሙሩ የሚለቀቀው ተማሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው፤ መሣሪያው ያረጀ ስለሆነ ያፏጫል። ሌላውን ልጅ የሚረብሸው ይህ ፉጨት ለልጄ ሕመም ነው። ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከሌላው ሰው በተለየ መጠን መሰማቱ ሐኪሞች ኦቲዝምን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አንዱ መሆኑን የሚገልጸው የሕክምና ማስረጃም ከተመዘገበበት ዕለት ጀምሮ በማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልጄ መዝሙሩን ከነስንኙ በቃሉ ያውቀዋል። ሰልፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነገር ግን ፉጨቱ ሲመጣ ጆሮዎቹን በሁለት እጆቹ ይይዛል። አንድ ጠዋት የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተለው መምህር፣ ዩኒት ሊደሩ፣ ከሰልፍ አውጥቶ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ እጆቹን ከጆሮዎቹ ላይ በጉልበት አወረዳቸው። ልጄ ጮኸ፤ መሬት ላይ ተቀምጦም ለረጅም ጊዜ መነሳት አቃተው።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ የተከሰሰው እጁ በጉልበት የተያዘው ልጅ ነበር። ክሱ ለሰንደቅ ዓላማና ለሕዝብ መዝሙር አክብሮት መንፈግ፣ እንዲሁም በመምህር ላይ መጮኽ የሚል ነው። የሕክምና ማስረጃው እንዲነበብ ስጠይቅ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወረቀቱን አንስቶ አየውና «እንዲህ ከሆነማ መጀመሪያውኑ ቦታው እዚህ አልነበረም» አለ። በዚያች ደቂቃ ልጄ ከአጥፊነት ወደ በሽተኛነት ተሸጋገረ፤ ተማሪ የሆነባት ጊዜ በመካከሉ አልነበረችም። ውሳኔው በሌላ ትምህርት ቤት ወደሚገኝ ልዩ ክፍል ይዛወር የሚል ሆነ፤ ቢሮዎም አጸደቀው። በዚያ ጉባኤ ላይ የዩኒት ሊደሩ ድርጊት ለአፍታ እንኳ አልተነሳም። እስከ ዛሬም አልተነሳም።

ልዩ ክፍሉን አየሁት። መምህርቷ ለሙያዋ የታመነች ሴት ናት፤ ለተማሪዎቿም የሚገባቸውን እየሠራች ነው። እጅ መታጠብን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ ፊደል መለየትን፣ እስከ 20 መቁጠርን ታስተምራለች። ከእነዚያ ልጆች ለብዙዎቹ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ወላጆቻቸውም ያችን ወንበር ለማግኘት ምን ያህል ደጅ እንደጠኑ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። የእኔን ልጅ እዚያ ማስቀመጥ እርሱን ከትምህርት ማገድ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ የሚያስፈልገውን የሌላ ልጅ ወንበር መንጠቅም ነው። መምህርቷ ይህን ተረድታ፣ ልጄ በዚያ ክፍል የሚያገኘው ትምህርት እንደሌለና ወደ መደበኛ ክፍል ከድጋፍ ጋር እንዲመለስ የሚጠይቅ ሪፖርት ጽፋ ፈረመችበት። ያ ሪፖርት ቢሮዎ ከደረሰ በኋላ ነው ከላይ የጠቀስኩት «ጎበዝ ከሆነ ችግር የለበትም» የሚለው መልስ የተሰጠኝ። ይመለስ ዘንድ ችግር የለበትም ተባለ፤ ስለዚህም ድጋፍ አያስፈልገውም ተባለ። ያለ ድጋፍ የተመለሰውም ወደዚያው ሰልፍ፣ ወደዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ወደዚያው ዩኒት ሊደር ነው።

ባለሙያዎ ስለ ኦቲዝም ያላቸው ግንዛቤ ከምን እንደመጣ እገምታለሁ። በአገራችን ስለ ኦቲዝም መነጋገር የጀመርነው በእናቶች ትግል ነው፤ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ጉዳዩን በስሙ የሚጠራው ሰው እንኳ ጥቂት ነበር። እርሳቸውም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የተነሱ ወላጆች በቅድሚያ የደረሱት ከፍተኛ ድጋፍ ለሚሹት፣ መናገር ላቃታቸው ልጆች ነው፤ መቅደም የሚገባውም እርሱ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቢሮዎች ያን አንድ መልክ ይዘው ኦቲዝም ማለት ይኸው ነው ብለው ቀሩ። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የክትትል ሪፖርት፣ የአእምሮ ችሎታ ምዘና መረጃቸው ከተገኘ ኦቲዝም ካለባቸው የ8 ዓመት ልጆች መካከል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የታየባቸው 37.9 በመቶ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ውስንነት የለባቸውም ማለት ነው። እነዚያ ከግማሽ በላይ የሆኑ ልጆች በእኛ ከተማ የት እንዳሉ ቢሮዎ ያውቃልን? እኔ እፈራለሁ፤ ብዙዎቹ ባለጌ፣ ትዕቢተኛ፣ ግትር እየተባሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፣ ወይም ትምህርቱን ትተውታል።

ስለ ልጄ ችሎታ የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ምን እየባከነ እንደሆነ እንዲታይ ነው። በ12 ዓመቱ በሰንበት ትምህርት ቤት የባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የማውጫውን፣ ስሌት ሰማ። ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ እንደሚባል ተማረ፤ ከዚያም ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 ስለሆኑ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ለመሪጌታው አስረዳ። ከዚያ በኋላ በአሮጌ ላፕቶፕ የተዘዋዋሪ በዓላት መነሻ የሆነውን ቁጥር፣ የየዓመቱን መባጃ ሐመር፣ አስልቶ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤንና ሌሎቹን ተዘዋዋሪ በዓላት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ። ዛሬ የአሥራ አንደኛ ክፍልን ሒሳብ ለብቻው እየሠራ ነው። ይህ ልጅ ነው እስከ 20 እንዲቆጥር የተላከው።

መሪጌታው ልጄን እንዴት እንዳስተማሩት ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከቢሮዎ ደጋግሜ የሰማሁት ሌላው መልስ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደየአቅሙ ማስተማር የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ በዕድሜው ተቆጥሮ ከክፍል ክፍል አይሻገርም። ንባቡን የጨረሰ ወደ ዳዊት፣ ዳዊቱን የደገመ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ያልፋል፤ የቅኔ መምህሩም የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ ለየብቻ ሰምቶ ለየብቻ ያርማል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በሣር ጎጆ ሥር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለውን ችግርና ግርፋት የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ እንደየአቅም ማስተማር ግን ለዚህ አገር እንግዳ እንዳልሆነ፣ በድህነትም እንደማይመካኝ ለማስረዳት ነው።

ልዩ ችሎታ ላላቸው ተማሪዎች በተከፈተ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤትም ሞክረናል። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ፤ በቃለ መጠይቁ ግን የጠያቂዎቹን ዓይን አላየም፣ በቡድን መሥራት እንደሚከብደውም በግልጽ ነገራቸው፤ በዚህ ምክንያት አልተቀበሉትም። ችሎታው አይበቃም ያለ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የሚመጣው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው፣ በጋራ ማደሪያ አድረው እንዲወስዱት ተደርጓል። ፈተናው እንዳይሰረቅ መደረጉን እደግፋለሁ። ነገር ግን በማያውቀው ግቢ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል፣ ያለ እንቅልፍ የሚያድር ልጅ በማግሥቱ የሚያስመዘግበው ውጤት የዕውቀቱ ልክ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተን ደንግጠናል። ያን ያህል የደነገጠች አገር ማለፍ የሚችለውን ልጅ በማደሪያ ድልድል ምክንያት እንዲወድቅ መተው የለባትም። ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች ልዩ ሁኔታ ማመቻቸት እንደሚገባ ማንም አይከራከርም፤ ኦቲዝም ያለበት ተፈታኝም ጸጥ ያለ መኝታና ለብቻ የሚፈተንበት ክፍል ሊያገኝ የሚችልበት መንገድ ከወዲሁ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ልጄ ሰልፉ ካበቃ በኋላ በር ይከፈትለት፣ ወይም የጆሮ መከላከያ አድርጎ በሰልፉ ላይ ይቁም። መቀመጫው ከግድግዳው አጠገብ ይሁን። ትዕዛዝ በጽሑፍ ይሰጠው። የቡድን ሥራውን ድርሻው በግልጽ ተለይቶለት ይሥራ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ እንዲማር ይፈቀድለት። ይህን የሚከታተል በስም የሚታወቅ አንድ መምህር ይመደብለት። ከእነዚህ መካከል አዲስ በጀት የሚጠይቅ የለም፤ የጆሮ መከላከያውንም እኔ ገዝቼለታለሁ። ዩኒት ሊደሩ ስላደረገው ነገር ደግሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ በልጄ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠው የሥነ ሥርዓት ውሳኔም እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ልጄ አገሩን አልናቀም፣ ያመመውን ጆሮ ነው የሸፈነው።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ከእርስዎ የምፈልገው በፊርማዎና በማኅተም የተረጋገጠ መልስ ነው። የምጠይቀውን የሚፈቅዱ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ያሳውቁልኝ። የሚከለክሉ ከሆነም የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል ጠቅሰው ይጻፉልኝ፤ ያን ወረቀት ይዤ ወደሚቀጥለው አካል እሄዳለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም።

የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም