ሦስት ኮምፒውተር ካላችሁ ኔትወርክ አዘርጉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ለትናንሽ ቢሮዎችና ሱቆች ኮምፒውተር የምጠግን፣ ኔትወርክም፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር እንዲጋሩ የሚያገናኝ መስመር፣ የምዘረጋ ሰው ነኝ። ከዚራ ሰፈር ልሂድ መጋላ፣ ስለ ኔትወርክ ሳነሳ ነጋዴው የሚመልስልኝ አንድ ነው። «እሱ ለባንክ ነው እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል? ወጪ ነው።» የምጽፈው ለዚህ ነው። ሥራዬ ስለሆነ እኔም እጠቀማለሁ፤ ስለዚህ እኔን አትመኑ፣ የራሳችሁን ደረሰኝ አውጡና አስሉት።

አሁን የምታወጡትን ተመልከቱ። ብዙ ቢሮ ውስጥ በየጠረጴዛው ትንንሽ ፕሪንተር አለ። ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ቀለሙ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ለአንድ ገጽ የሚያስወጣው ሲሰላ ከአንድ ደህና ሌዘር ፕሪንተር በጣም ይበልጣል። ፕሪንተሩ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ሲመላለስ ይውላል። ያው ፍላሽ ፎቶኮፒ ቤት ደርሶ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ፋይሉ ይጠፋል፣ ከዚያ እኔን ትጠራላችሁ፣ ትከፍሉኛላችሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የዕቃው ሒሳብ ነው። ስቶር ኪፐሩ የራሱ ኤክሴል አለው፣ ሽያጭ ላይ ያለችው የራሷ፣ አካውንታንቱ የራሱ። ሦስቱም ትክክል ነኝ ይላሉ። ያለቀ ዕቃ ለደንበኛ ይሸጥና ብር መመለስ ይመጣል፣ ያለው ዕቃ አልቋል ተብሎ እንደገና ይታዘዛል፣ የወሩ ቫት ሪፖርት ሲደርስ ሦስቱን ለማስታረቅ ሠራተኛ እስከ ማታ ይቀመጣል። ይኼ ሁሉ በደረሰኝ ስለማይመጣ ማንም እንደ ወጪ አይቆጥረውም!

የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም። አንድ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች (የሁሉም ኮምፒውተር ገመድ የሚሰካበትና የሚገናኝበት ሣጥን)፣ ገመድ፣ ሁሉም የሚያትሙበት አንድ ሌዘር ፕሪንተር፣ ሁሉም የሚሠሩበት አንድ ፎልደር። ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን ለማገልገል ብቻ የሚቀመጥ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ግዙ የሚላችሁ ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ዊንዶውስ 10 እና 11 ከሌሎች ኮምፒውተሮች በአንዴ እስከ 20 ግንኙነት ስለሚቀበሉ ለአምስት ስድስት ሰው አንድ ደህና ኮምፒውተር ይበቃል። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ለብዙ ተጠቃሚ የሚሆን ፈቃድ ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የቢሮው ኔትወርክ መሥራቱን አያቆምም፤ ኢንተርኔት ካስገባችሁም አንዱ መስመር ለሁሉም ይዳረሳል፣ ሠራተኛው በየስልኩ ፓኬጅ መግዛት አይኖርበትም። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ግን አሁን አያስፈልገውም፣ ብሩን ዕቃ ይግዛበት።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ግንኙነቱም ይቆራረጣል። ሙሉ መዳብ ይሁን። ርቀቱም ከ100 ሜትር አይለፍ፤ መጋዘናችሁ ከዚያ ከራቀ መሀል ላይ ሌላ ስዊች ይገባል። የድሬን አቧራና ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ስዊቹ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። መብራት ሲጠፋ ፋይል እንዳይበላሽ ፋይሉ ላለበት ዋና ኮምፒውተርና ለስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩት፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ፋይሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መያዝም ይቀላል። ማታ ማታ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጥና ባለቤቱ ቤቱ ይዞት ይግባ። የ1998ቱን የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው፣ ወረቀቱም ኮምፒውተሩም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ማደሩ ምን እንደሚያስከትል አይጠፋውም።

ሥራውን ለሚሠራላችሁ ልጅ፣ እኔም ልሁን ሌላ፣ ሙሉውን ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ። የእያንዳንዱን ገመድ ጫፍ ቁጥር ይጻፍበት፣ የራውተሩን (ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያዳርሰው ዕቃ) እና የዋናውን ኮምፒውተር ፓስወርድ በወረቀት ያስረክባችሁ፣ ከሁሉም ኮምፒውተር አንድ አንድ ገጽ አትሞ ያሳያችሁ። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ክፈሉት።

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን