የጣና ዳር ሣር ለጉማሬውም ይተውለት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ጣና ሐይቅ በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች ባሕር ዳር ሆኜ በትጋት እከታተላለሁ። የእምቦጭ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ስለ አረሙ፣ ስለ ደለሉና ስለ ዓሣው ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ስለሚኖሩት አጥቢ እንስሳት፣ በተለይም ስለ ጉማሬ፣ ጎብኚ ከመሳብ ያለፈ ነገር ተጽፎ ያየሁት ግን እጅግ ጥቂት ነው። የሰው ልጅ ሥራ አጥቢ እንስሳትን እንዴት እያመናመነ እንደመጣ ባለፉት ዓመታት የተደረገው ምርምር የሩቅ አገር ወሬ እንዳልሆነና እኛን የጣና ዳር ነዋሪዎችን በቀጥታ እንደሚመለከት አምናለሁ። ስለዚህ የሐይቁን ዳርቻ የሚያስተዳድሩ ሁሉ የጉማሬውን ግጦሽ በዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ለመጠየቅ ይህን ጽፌአለሁ።

በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ የሆኑት ፌሊሳ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ያለፉትን 125,000 ዓመታት የአጥቢ እንስሳት ታሪክ ከቅሪተ አካል መዛግብት ጋር አስተያይተዋል። ያገኙት ውጤት የሚያስደነግጥ ነው። ሰውና ዛሬ የጠፉት ሰው መሰል የቅርብ ዘመዶቹ በተስፋፉባቸው አህጉራት ሁሉ ቀድመው የጠፉት ግዙፎቹ እንስሳት ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ማሞት የተባለው የዝሆን ዘመድ፣ በደቡብ አሜሪካ ዝሆን የሚያህለው የመሬት ስሎዝ የተባለው ቅጠል በል እንስሳ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት 65 ሚሊዮን ዓመታት የአየር ንብረት ብዙ ጊዜ ቢለዋወጥም፣ ትልልቁን ብቻ እየመረጠ ያጠፋ እንዲህ ያለ ዘመን በመዝገቡ ላይ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት፣ ዛሬ ለመጥፋት የተጋለጡት ዝርያዎች በእርግጥ ከጠፉ፣ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ በየብስ ላይ የሚቀረው ትልቁ አጥቢ እንስሳ የቤት ላም ሊሆን ይችላል።

አፍሪካ ዝሆኑን፣ አውራሪሱንና ጉማሬውን እስከ ዛሬ ይዛ መቆየቷ ከዚህ ሕግ ውጭ ያደረጋት የሚመስላቸው አሉ። ይኸው ጥናት ግን የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት አማካይ ክብደት ከ125,000 ዓመታት በፊትም ቢሆን በአውሮፓና በእስያ ከነበረው ያነሰ እንደነበር ያሳያል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ከሰው ቀደምት ዘመዶች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ከመኖር ጋር ያያይዙታል። ትልልቆቹ የሚቀድሙበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ትልቅ እንስሳ ብዙ ሥጋ አለው፣ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶሎ አይተካም። የጉማሬ እናት ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ሌላ ለመድገምም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅባታል። አይጥ ግማሹ ቢያልቅ በአንድ ክረምት ይሞላል፤ ከአንድ የጉማሬ መንጋ ግን በየዓመቱ ጥቂት ሴቶች ብቻ ቢገደሉ መንጋው ማንም ልብ ሳይለው ይመነምናል።

በዚያው ዓመት በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ስሌትም እዚህ ሊነሳ ይገባዋል። በምድር ላይ ያሉት አጥቢ እንስሳት ሁሉ በክብደት ቢመዘኑ 60 በመቶው የቤት እንስሳት፣ 36 በመቶው ሰዎች ሲሆኑ፣ ከዝሆን እስከ ዓሣ ነባሪ ያሉት የዱር አጥቢዎች በሙሉ 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለውና በከብቱ በሚታወቀው በፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጎጃም ደግሞ የራሱ ምስክር አለው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘውና ዛሬ በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ፣ ዓባይን የሚመግቡ ብዙ ወንዞች በሚፈልቁበት በቾቄ ተራራ ይኖር ነበር፤ ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ግን ከዚያ ጠፍቷል። ቀይ ቀበሮ ግዙፍ አይደለም፤ የሚኖረው ግን ከደጋው በላይ ባለው የውርጭ ሜዳ ላይ የሚርመሰመሱትን አይጦችና ፍልፈሎች እያደነ ስለሆነ፣ የገብስ እርሻውና የከብት ግጦሹ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መድረሻ ያጣል። በሌሎች ተራሮች ላይ ለተረፉት ቀበሮዎች ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ተጨማሪ ጠላት ሆኖባቸዋል፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎቹን የጨረሰውም እርሱ ነው። የቾቄ ቀበሮ ሲጠፋ ለቅሶ የተቀመጠለት አልነበረም። በስንት ዓመት ውስጥ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ በየጊዜው እየቆጠረ የመዘገበና ሕዝቡን ያስጠነቀቀ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ ምን እያጣን እንደሆነ እናውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ ጉማሬው ልመለስ። ጉማሬ ቀኑን በውሃ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣና በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል፤ ሲነጋ ተመልሶ ፋንድያውን ውሃው ውስጥ ይጥላል። በዚህ መንገድ የየብሱን ፍሬ ነገር ወደ ውሃው ያሻግራል፤ ከእርሱም የውሃው ጥቃቅን ሕይወትና ዓሣው ይመገባሉ። እንግዲህ ጉማሬ ለመኖር ጥልቅ ውሃ ብቻ አይበቃውም፤ ከውሃው አጠገብ ደህና የሣር መሬት ያስፈልገዋል። በጣና ዙሪያ እየጠፋ ያለው ደግሞ ይኸው የሣር መሬት ነው። ረግረጉ እየተንጣፈፈ ሩዝና ጫት ይተከልበታል፤ ደንገሉ ይመነጠራል፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው መሬት ወዲያው ይታረሳል፤ በከተማችን በባሕር ዳር በኩልም ሕንፃና አጥር እስከ ውሃው አፍ እየደረሰ ነው። መሄጃ ያጣ ጉማሬ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ዓመት ሙሉ የለፋበትን ሰብል በአንድ ሌሊት ያጣ ገበሬም ይቆጣል። በዚህ ገበሬ ላይ መፍረድ ፍትሕ አይደለም፤ የሁለቱን ድንበር ያላሰመርነው እኛ ነን።

ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ጉማሬው አያልቅም የሚል ካለ፣ ወደ ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ይመልከት። በዚያ አገር በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ፣ በኤድዋርድ ሐይቅና በአካባቢው ወንዞች፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 29,000 ገደማ ጉማሬዎች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል በቆየ አደንና ጦርነት ቁጥሩ ከ1,000 በታች ወርዶ ነበር። የእኛዎቹ ደግሞ ያን ያህል ብዛት ኖሯቸው የሚጀምሩ አይደሉም።

መልካም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በሐይቁ ውስጥ ገባ ያለችው የዘጌ ምድር አጠገባችን ናት። በዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ለብዙ ዘመን ክልክል ሆኖ ስለኖረ፣ ሕዝቡም ከጥላ ዛፍ ሥር በሚበቅለው ቡና ስለሚተዳደር፣ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጦጣውም ሌላውም አውሬ በውስጡ መጠለያ አግኝቷል። ይህን ያደረገው ሰው የሌለበት መሬት መሆኑ አይደለም፤ ሰው የኖረበትና ራሱ ያወጣውን ደንብ ያከበረበት መሬት ነው። የውሃውን ዳርም በእንዲህ ያለ ደንብ መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በጥብቅ የሚጠበቅና ለልማት የሚውል ቦታ ተለይቶ እንዲያዝ ቃል ገብተናል። በዚህ መሠረት፣ ጉማሬዎች በሚወጡባቸው የታወቁ ቦታዎች ከውሃው ዳር የተወሰነ የሣርና የደንገል መሬት ሳይታረስና ሳይታጠር እንዲተው፣ መሬቱን ለሚለቁ አባወራዎችም ተገቢው ካሳና በአጎራባቹ ማሳ ላይ ሰብላቸውን የሚያስጠብቁበት ድጋፍ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። ካሳው ካልቀደመ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል። ቦታዎቹን ለመለየትም ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎችና የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ከማንኛውም ካርታ የተሻለ ዕውቀት ስላላቸው፣ ለምስክርነት ብቻ ሳይሆን ለውሳኔውም ሊቀመጡ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ቦታዎችና በተመሳሳይ ዘዴ የሚደረግ የጉማሬ ቆጠራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ከጀልባ ነጂዎች ጋር ሆነው ሊያከናውኑት ይችላሉ። ውጤቱ ግን በሪፖርት መደርደሪያ ላይ መቅረት የለበትም። የተከበረው ጋዜጣችሁ በየዓመቱ ይህን ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር አነጻጽሮ የሚያትምበት አንድ ዓምድ እንዲመድብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር