የድመታችሁን ጥፍር ለምን አንነቅልም?

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህ ደብዳቤ ለወትሮው ከምንልክላችሁ የክትባት ማስታወሻ ረዘም ይላል። በዚህ ክረምት ሦስት ደንበኞቻችን በየተራ መጥተው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁን፤ ሦስቱንም "አንሠራም" ብለን መለስናቸው። አንደኛዋ እናት ቅር ብሏቸው ነው የወጡት። በዚያ ቀን ላሙ ምጥ ጠንቶባት የመጣ ገበሬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር በቅጡ ሳናስረዳቸው ሸኘናቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያልነገርናቸውን አሁን ለሁላችሁም እንንገራችሁ።

የተጠየቅነው የድመት ጥፍር እንድንነቅል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተን አናውቅም። የእኛ ሥራ በሬ፣ አህያ፣ በግና ዶሮ ነበር፤ ድመት ከመጣችም መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ነው። አሁን ድመት ከጎተራ ሥር ወጥታ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ሶፋው ደግሞ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ እናውቃለን። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ይህን ያይና "እኛ ጋ እኮ ጥፍራቸውን አስነቅለው ይገላገላሉ" ይላል። ዘመድ አልዋሸም። እዚያ ለብዙ ዓመታት እንደ ተራ ነገር ሲሠራ ኖሯል፣ ዛሬም በብዙ ግዛቶች ይሠራል።

ነገሩን ያቀለለው ቃሉ ነው። "ጥፍር" ስንል የሚታየን የራሳችን ጥፍር ነው፤ ቢነቀል ለጊዜው ያማል፣ ተመልሶ ይበቅላል። የድመት ጥፍር ግን የሚበቅለው ከጣቷ የመጨረሻ አጥንት ላይ ነው። ተመልሶ እንዳይበቅል ከተፈለገ ያ አጥንት ራሱ ከመገጣጠሚያው ተቆርጦ መውጣት አለበት። እጃችሁን ዘርጉና ከጥፍራችሁ ሥር ያለችውን የመጀመሪያዋን አንጓ ተመልከቱ፤ የምንቆርጠው ከዚያች ላይ ነው። ድመት በእያንዳንዱ የፊት እግሯ አምስት አምስት ጣት አላት፤ ስለዚህ የፊቶቹ ብቻ ሲሠሩ 10 ቦታ መቁረጥ ማለት ነው። አንዱ ሐኪም በመቁረጫ መቀስ፣ ሌላው በምላጭ፣ ሌላው በሌዘር ይሠራዋል። ሌዘሩ ደም ይቀንሳል እንጂ የሚወጣው አጥንት ያው ነው። ጥፍሩን ትቶ የሚዘረጋውን ጅማት ብቻ መቁረጥም አለ። ጥፍሩ ግን ማደጉን አይተውም፤ እየተጠመዘዘ መዳፏ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ዕድሜዋን ሙሉ መቆረጥ ይኖርበታል። ታዲያ ከመነሻው ጥፍሩን መከርከሙ ምን ነበረበት?

ድመት እንደ እኛ በተረከዟ አትራመድም፤ የምትራመደው በጣቶቿ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ሲቆረጥ ክብደቷ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፣ ያም እስከ ወገቧ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 274 ድመቶችን መርምሮ ነበር፤ ግማሾቹ ጥፍራቸው የተነቀለ፣ ግማሾቹ ያልተነቀለ። በተነቀሉት ላይ የጀርባ ሕመም፣ ከሚጸዳዱበት አሸዋ ውጭ መሽናትና መንከስ በጣም በዝቶ ተገኘ። ከተነቀሉት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 63ቱ በጣታቸው ውስጥ የአጥንት ስባሪ ቀርቶባቸው ነበር። ይህ የሆነው የራጅ መሣሪያና የሠለጠነ ረዳት እንደልብ በሚገኝበት አገር መሆኑን አትርሱት።

የመሽናቱ ነገር ምክንያት አለው። ድመት ከመሽናቷ በፊት አሸዋ ትጭራለች። መጫሩ ካመማት አሸዋውን ትሸሽና ለስለስ ያለ ነገር ትፈልጋለች፤ ምንጣፍ ወይም ያንኑ ሶፋ። ሶፋን ከጥፍር አድኖ ለሽንት መስጠት ይሉታል ይህ ነው።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራን ግን መንከሱ ነው። ድመት ስትጨነቅ መጀመሪያ የምታወጣው ጥፍሯን ነው፤ ቧጥጣ ታስጠነቅቃለች፣ ሰውም እጁን ይሰበስባል። ጥፍር ከሌላት የሚቀራት ጥርስ ነው። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ይመረቅዛል። በዚያ ላይ ያለነው የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ነው፤ በሽታው የሚተላለፈውም በምራቅ ነው። የምትቧጥጥን ድመት የምትነክስ ማድረግ ለኒው ዮርክ ሰው የሶፋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የልጆቻችን ጉዳይ ነው። (መቧጠጡም በቀላሉ አይታይም። ድመት ከቧጠጠቻችሁ ወይም ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድመታችሁንም አስከትቡ፤ ብዙ ሰው ውሻውን ያስከትብና ድመቷን ይረሳታል።)

ክርክሩ ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የሌላውንም እንስማ። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና ሥራውን ስትከለክል የግዛቲቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ሕጉን ተቃውሞ ነበር። "ባለቤቷ ሌላ መላ ካጣ ከምትጣል ወይም ከምትገደል ጥፍሯን አጥታ ብትኖር ይሻላል" ነው ነገሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ቆዳው የሳሳ አዛውንት ያለበት ቤትም ይነሳል። እነዚህ የሚናቁ ሐሳቦች አይደሉም፤ እኛም ተነጋግረንባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድ በ2022፣ ቨርጂኒያ በ2024 ከለከሉ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የቤት እንስሳት ስምምነታቸው፣ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2006ቱ ሕጓ ይህን ከከለከሉ ቆይተዋል።

"ከምትጣል ይሻላል" የሚለው ግን እዚህ ጎጃም ውስጥ ተገልብጦ ነው የሚታየን። አሁን ጤፉ ወደ ጎታ እየገባ ነው። ቤቱ ያልቻላትን ድመት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ደጀን ብትልኳት እህል ያለው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይቀበላታል፣ የሚቀበላት ግን ጥፍር ካላት ነው። አይጥ መያዝ የማትችል፣ ውሻ ሲያባርራት ዛፍ መውጣት የማትችል ድመት ማን ይወስዳል? ጥፍሯን ያጣች ቀን የምትሄድበትንም አጣች። ለአዛውንቱም ቢሆን የአሜሪካ የጤና መመሪያዎች በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች እንኳ ጥፍር ማስነቀልን አይመክሩም። ጥፍር መከርከምና ቁንጫ ማጥፋት ነው የሚሉት፤ ከድመት ጭረት የሚይዘውን ትኩሳት የሚያመጣው ተሕዋሲ ከድመት ወደ ድመት የሚዛመተው በቁንጫ ነውና።

"ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ሲባል አመሉ ሁሉ ክፉ ይመስላል። ድመት የምትቧጥጠው ሶፋችሁን ጠልታ አይደለም። ያረጀው የጥፍሯ ሽፋን እንዲወልቅላት፣ ጀርባዋን እንድታፍታታ፣ በመዳፏ ውስጥ ያለውን ሽታ ትታ "ይህ የእኔ ነው" እንድትል ነው። አመሏን ማስተው አይቻልም፤ የሚቻለው ቦታ መስጠት ነው።

ቦታ መስጠቱ ደግሞ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ተራራ የሚያህል ዕቃ አንፈልግም፤ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግንድ ውሰዱና በቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ እንዳይወድቅም ሰፊ ጣውላ ላይ ምቱት። አጭር ከሆነ ትንቀዋለች፣ ተንጠራርታ መቧጠጥ ነው የምትወደው። ከተወዛወዘም ዳግመኛ አትነካውም። ጓዳ ውስጥ አትደብቁት፤ ከምትተኛበት አጠገብ ወይም ከዚያው ከሶፋው ጎን አቁሙት፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ ነውና የምትቧጥጠው። ስትቧጥጠው ትንሽ ቋንጣ ጣል ብታደርጉላት ደግሞ ቶሎ ትለምዳለች። አትምቷት፤ መምታት የሚያስተምራት እናንተ ስትወጡ መቧጠጥን ነው።

ጥፍሯን በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ መከርከምም አለ። መዳፏን ቀስ ብላችሁ ጫን ስትሉት ጥፍሩ ይወጣል። በብርሃን ብታዩት ውስጡ ሮዝ መስሎ የሚታየው ደም ያለበት ነው፤ እሱን ሳትነኩ የጫፏን ነጭ ሾል ያለች ብቻ ቁረጡ። ከደማ በበቆሎ ዱቄት ጫን አድርጉት። በጥፍሩ ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ቆብም በውጭ አገር አለ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። እኛ አላስመጣነውም። ከቤት ለማትወጣ ድመት ይሆናል፤ የእኛዎቹ ግን ሌሊት ጣራ ለጣራ ናቸው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጣቷ የመረቀዘ፣ የተሰባበረ ወይም ዕጢ የወጣባት ድመት ብታመጡልን ያችን ጣት ለይተን እንቆርጣለን፤ ያ ሕክምና ነው። ጤነኛ ጣት ግን ክፍያው ምንም ያህል ቢሆን አንቆርጥም። ገንዘብ ጠልተን አይደለም፤ ኪራዩን እኛም እንከፍላለን።

ከዚህ ወር ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የድመት ጥፍር እንከረክማለን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው በነጻ ነው፣ አከራከሙንም እናሳየዋለን። በእነዚያ ሰዓቶች ውሻ የያዘ ሰው እንዳይመጣ ነግረናል። ድመቷን በዘንቢል አድርጋችሁ ከላይ በነጠላ ሸፍኗት፤ ከባጃጅ ዘልላ የወረደች ድመት ፍለጋ ከሰዓታችን ሙሉ ያለቀበት ቀን ነበር። ክረምት ላይ ቅር ብሏቸው የሄዱት እናት ይህ ከደረሳቸው ቃጫ የተጠመጠመበት አንድ ግንድ አስቀምጠንላቸዋል፤ ሲመቻቸው ልጅ ልከው ይውሰዱት።

አክባሪዎቻችሁ፣
የእንስሳት ሕክምና ቤቱ ባልደረቦች