ምልክቱ ዋሽቶን ነበር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ማንሣቴ እንደሚያስገርምህ አውቃለሁ። ነገሩ ስለዚያች በፈረንጅ 1967 ስለተሠራችው ሙስታንግ ነው። ባለቤቷ ባለፈው ወር ከቆመችበት ጓሮ አስጎትቶ ደሴ ጋራዤ ድረስ አመጣት፤ ሞተሯን ስፈታ ያገኘሁትን ደግሞ ከማንም በፊት መስማት የሚገባህ አንተ ነህ።

ግፊቱ እንዲጨምር ቴስታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስልገን፣ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) በትልቁ ቀይረን፣ ባለ አራት አፍ ካርቡራተር ከጫንንባት በኋላ የሐረጎን አቀበት ስትወጣ ምጣድ ላይ እንደተነሰነሰ ቆሎ ትንጣጣ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ «ቀድማ እየለኮሰች ነው» ብለህ በጆሮህ እየሰማህ ዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ዘግይቶ እንዲለኩስ ትመልሰዋለህ፤ እኔ ደግሞ ማታ የመለኮሻውን ጊዜ መለኪያ መብራት ይዤ እመጣና ምልክቱን አይቼ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 12 ዲግሪ ሲቀረው እንዲለኩስ አመጣዋለሁ። በመጨረሻ ፒስተኑ ሲሰነጠቅ ለባለቤቱ «በጆሮ የሚሠራ ሰው አበላሻት» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ከሰው አፍ እንደሰማኸውም አውቃለሁ።

አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። ከኮሎው (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ፊት ያለው ዳምፐር (ንዝረት ማብረጃው) ሁለት ክፍል መሆኑን ታውቃለህ፤ በውስጠኛው እምብርትና ምልክቶቹ በተቀረጹበት በውጪኛው ቀለበት መካከል ጎማ አለ። ያ ጎማ ከዕድሜ ብዛት ደርቆ ኖሮ ቀለበቱ ተንሸራቷል። ያረጋገጥኩትም እንዲህ ነው፤ ባትሪውን ነቅዬ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ካወጣሁ በኋላ፣ ከአሮጌ ካንዴላ ውስጥ ሸክላውን ሰብሬ ጫፉን በሞረድ ያለሰለስኩትን ብሎን በየድኩበትና በቦታው አሰርኩት። ከዚያ ሞተሩን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ፤ ፒስተኑ ብሎኑን ሲነካ ቆምኩና ጠቋሚው ያለበትን ቦታ ዳምፐሩ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ወደ ኋላ መልሼ አዙሬም እንደገና ሲነካ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ፒስተኑ በእውነት ጫፍ የሚደርሰው ከሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ ላይ ነው፤ የተቀረጸው ዜሮ ግን ከዚያ በ11 ሚሊሜትር ርቆ ተቀምጧል። የዳምፐሩን ዙሪያ ስለካው 51 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ዲግሪ ማለት ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል ትንሽ ያነሰ ነው፤ ስሕተቱም ወደ 8 ዲግሪ ይጠጋል። 12 ነው ስል 20 ነበር፤ ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ ጠቅላላው 38 ነው ብዬ ስምል 46 ነበር። ጆሮህ የሰማው ይህንን ነው።

እኩሌታውን በጩቤ ጭረት አድርጌ በነጭ ቀለም ሞላሁት፤ ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዚያ ብቻ ነው። ፋብሪካው ለባለ ሁለት አፍ ካርቡራተሩ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 6 ዲግሪ ነበር የሰጠው። ትልቁ ካምሻፍት ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ጊዜ የተቃጠለ ጭስ ከአዲሱ ቤንዚን ጋር ስለሚቀላቅል እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መለኮስን ይፈልጋል፤ 14 ላይ አሰርኩት። ችግሩ ታዲያ ከዲስትሪቢውተሩ ሥር ያሉት ክብደቶች ሞተሩ ሲፈጥን የሚጨምሩት ዲግሪ መብዛቱ ነው። ሳህኑን ከፍቼ በእጅ ባትሪ ሳየው «13ኤል» የሚል ማኅተም አገኘሁበት። ዲስትሪቢውተሩ ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ 13 ያለው በኮሎው 26 ነው፤ 14 ሲደመርበት 40 ይሆናል፣ ለተላገ ቴስታ አይሆንም። ከአሮጌ ዲስትሪቢውተር «10ኤል» የሚለውን አግኝቼ ቀየርኩት። የቫኪዩሙን ቱቦ (እሱም በራሱ ዲግሪ ስለሚጨምር) ነቅዬ፣ ጫፉን ደፍኜ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ስሰጣት 34 ላይ ደርሳ ቆመች፤ ከዚያ በላይ ነዳጅ ብጨምርም ምልክቱ ንቅንቅ አላለም።

ደሴ ላይ ይህ እጅግ ያምር ነበር፤ ሲነሣም በአንድ ቁልፍ። ነገር ግን ያ ትዕቢቴ ዳግም እንዳያታልለኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚህ ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ በደንብ አይሞላም፤ ግፊቱም አነስተኛ ስለሚሆን ሞተሩ ቶሎ መለኮሱን ይችለዋል። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። እንደፈራሁትም ከቦርከና በኩል ተመልሼ አቀበቱን በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ስወጣ፣ ከታችኛዎቹ ጥምዝ መንገዶች ላይ ያ ድምፅ በጣም ቀጥኖ ተሰማኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ዲስትሪቢውተሩን ሁለት ዲግሪ መለስኩት፤ በሁለተኛው ጉዞ ጠፋ። ደሴ ላይ ትንሽ ጉልበት አጥታለች፤ እኔ ግን ፒስተን ከመለወጥ ይህን መርጫለሁ።

ለባለቤቱ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ዳምፐሩን በእጁ አስይዤ፣ ጭረቱንም አሳይቼ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳልሸፍን ነገርኩት። አንተንም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። 32 ላይ ድምፁ እኔ ጋ ጠፍቷል፤ እኔ ያልሰማሁትን አንተ ትሰማ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ለበዓሉ ወደ ቤተሰብ ስትመጣ ኮምቦልቻ ላይ እጠብቅሃለሁ፤ መሪውን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ መስኮቱን ከፍተህ ታዳምጣለህ፤ ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ ቁልፉ ከወንበሩ ሥር አሉ።

ወንድምህ