ለእማዬ፣ ካራ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚኪ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። «እማማ ጋ ብወረውረው ይሻል ነበር፣ የሷ ቆርቆሮ ይጮኻል» አለኝ። ሊያም ጎብዛለች፣ ሂሳብ ትወዳለች። ስለ ልጆቹ ብቻ ጽፌ ባበቃ ደስ ባለኝ።

እትዬ አስካለ ደውለውልኝ ነበር። አትቆጫቸው። ከገበያ ስትመለሺ መንገዱ ጠፍቶሽ መታጠፊያው ላይ ቆመሽ አገኙሽ። እኔን ግን በስልክ «ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ» ነው ያልሽኝ። ባለፈው ስመጣም የባንክ ደብተርሽን የበርበሬው ዕቃ ውስጥ አገኘሁት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። የቫይታሚን እጥረትም እንዲህ ያስረሳል አሉ፣ እሱ ደግሞ ይታከማል።

ሌላው የወረቀቱ ነገር ነው። ጠበቃ አማከርኩ። ውክልና የሚሰጠው ሰው ራሱን በሚያውቅበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ብንሄድም አይቀበሉንም። ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው ብለሽ አትስጊ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እሱን አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ግን ማስጻፍ አለብን። ውክልና የሰጠው ሰው በሕግ ፊት ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። ያ ስምምነት በጽሑፍ ይግባ። ኑዛዜም ካሰብሽ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ የሚቀረን ፍርድ ቤት ነው። ራሷንና ንብረቷን ማስተዳደር አትችልምና በፍርድ ትከልከል ብሎ ማመልከት። ዳኛው ደግሞ አንቺን በዓይኑ ሳያይ አይወስንም። እናቴን ችሎት አቁሜ «አእምሮዋ ደክሟል» የምልበት አፍ የለኝም፣ እማዬ።

አባዬ ሲታመም ፈተና ላይ ናት ብላችሁ ደበቃችሁኝ። እሱ መፈረም አቅቶት ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ፣ አንቺ ለመድኃኒት ስትበደሪ እንኳ አልሰማሁም። የሰማሁት መርዶውን ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት፣ የማላውቃቸው ሰዎች በሬ ላይ ቆመው። ለኔ አዝናችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን አባቴን ሳልሰናበት ቀረሁ። ይሄ እስካሁን አልወጣልኝም። አሁን ደግሞ የራስሽን ልትደብቂኝ ነው?

ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ እንጀራ እየሸጥሽ። እዳሽን ከፍዬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ነው የምነዘንዝሽ።

ማንን እንደምትወክይ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ከኔ ይልቅ ታደለን ብትመርጪም አልቀየምም። ትንሽ ይከፋኝ ይሆናል፣ ግን ያልፍልኛል። ዋናው ቃሉ ያንቺ ይሁን።

መታወቂያሽ ጊዜው አልፎ እንዳይሆን እትዬ አስካለ ይዩልሽ። ካርታውን ከሳጥኑ አታውጪው፣ ስመጣ አብረን እናወጣዋለን። ቅዳሜ እገባለሁ፣ ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን። ክኒንሽን እንዳትረሺ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውይልኝ። እምቢ ለማለትም ቢሆን ደውይ።

ልጅሽ